ያልተጻፈው የአዛውንቶች መንገድ

በአማርኛ ልብ ወለድና ተውኔት ውስጥ መንገድ የወጣት ንብረት ሆኖ ኖሯል። ተማሪው ዕውቀት ፍለጋ፣ ወታደሩ ለዘመቻ፣ አፍቃሪው የልቡን ሰው ለማግኘት፣ ስደተኛው ከመከራ ለማምለጥ ይወጣበታል። ሽማግሌውና አሮጊቷ ግን በምድጃ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሚሄደውን መርቀው ይሸኛሉ፤ የተመለሰውን አልቅሰው ይቀበላሉ፤ ያልተመለሰውንም እያሰቡ ይሞታሉ። እርጅና በጽሑፋችን ከሞላ ጎደል የመቀመጥ ዘመን ነው። ይህ ልማድ ከኑሮው እውነት ጋር ምን ያህል ይስማማል? ካልተስማማስ ሥነ ጽሑፉ ምን አምልጦታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በተለይም በደብረ ታቦርና በአካባቢው ከሚታየው የአዛውንት ባልና ሚስት የክረምት ጉዞ አንጻር መመርመር ነው።

በቅድሚያ ሥራዎቹን እንመልከት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታትሟል። ደራሲው የጣና ዳር ሰው፣ የዘጌ ተወላጅ ነው። በዚህ ሥራ አንድ በዕድሜ የገፋ አባት በእርግጥ መንገድ ይወጣል። የጠፋውን ወንድ ልጁን ዋሕድን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ከለበሰችው ከልጁ ከጦቢያ ጋር አገር ያቋርጣል። ይሁን እንጂ አባትየውን ከቤቱ ያስወጣው ጭንቅ ነው። ልጁ ባይጠፋ ኖሮ እግሩን አያነሳም ነበር። እናም ታሪኩ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የአንባቢው ዓይን ወደ ወጣቷ ልጅ ይሳባል፤ ሽማግሌው የእርሷ አጃቢ ሆኖ ይቀራል።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»ም በ1925 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ የጉዞ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አወቀ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ ይመለሳል። የአባት ድርሻ ደግሞ መሞትና በተዝካሩ ድግስ ምክንያት ልጁን ከዘመድ አዝማድ ጋር ማጋጨት ነው። አባት በቁሙ ወደ ልጁ አይሄድም። ልጁ ግን ከአባቱ ሞት በኋላ ከአባቱ ዓለም ጋር ይፋለማል።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ ደግሞ ታሪኩ የሚከፈተው በዕድሜ ከበሰሉ በኋላ በተጣመሩት በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ኑሮ ነው። ሐዲስ የእነዚህን ሁለት ድሆች ጎጆ የገለጸበት ርኅራኄና ጥንቃቄ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። ሆኖም መንገዱን የወረሰው ልጃቸው በዛብህ ነው፤ በኋላም ሰብለ ወንጌል ናት። ወላጆቹ የመነሻ ቤት ናቸው። ልጁ ከቤቱ ከራቀ በኋላ ደራሲው የእነርሱን እግር ተከትሎ አይሄድም።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያለው መጽሐፍ ልብ ወለድ ሳይሆን ትዝታ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው ባቀረቡት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይናገራል፤ በንግግሩም ትምህርት ፍለጋ የተዘዋወረባቸውን የሰሜን አገሮች እንደገና ይዞራቸዋል። ነገር ግን እዚህም ቢሆን የሚጓዘው ያ የጥንቱ ወጣት ነው። ሽማግሌው ተቀምጧል፤ የሚሄደው ትዝታው ነው። እንግዲህ ከአባትየው የጦቢያ ፍለጋ እስከ አለቃ ለማ ትረካ ድረስ አንድ ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ሥራቸውን ጨርሰው፣ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ሳይገደዱ፣ ሳይሰደዱ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ስንቅ ቋጥረው ወዳጅ ዘመድ ለመጠየቅ የሚወጡ ባልና ሚስት በዚህ መደዳ ውስጥ የሉም።

በኑሮ ግን አሉ። ለምሳሌ ያህል በደብረ ታቦር ሠላሳና አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ አንድ ባልና ሚስት በዓይነ ሕሊና ይታዩ። ሐምሌ እንዳለቀ የፍልሰታን ጾም ምክንያት አድርገው ወደ ማኅደረ ማርያም ይወርዳሉ፤ ወይም በጋይንት በኩል የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ቤተ ልሔም ይዘልቃሉ። በዚያም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በተቀለሰ ጎጆ ወይም በላስቲክ በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ሱባኤ ይይዛሉ። ለቡሄ ወደ ከተማቸው ተመልሰው ለክርስትና ልጆቻቸው ሙልሙል ያድላሉ። ጾሙ ሲፈታ ባሕር ዳር ያለችውን ልጃቸውን፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ያለውን ልጃቸውን ሊጠይቁ በአውቶቡስ ይሳፈራሉ። ዘመን ተለውጦ መሬቱ ሲጠነክር ነፋስ መውጫ አካባቢ ያለውን የሴትዮዋን ወንድም ያያሉ። ከዚያም ለጉልበታቸው ሕመም በደራ ወረዳ ወደሚገኘው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ይሰነብታሉ። ይህ ዝርዝር ልብ ወለድ ቢሆንም እያንዳንዱ ማረፊያ በአካባቢው ዘንድ የታወቀ የአዛውንቶች ልማድ ነው። አንድ ላይ ሲታይ ደግሞ መነሻ፣ እርከንና መመለሻ ያለው ሙሉ የታሪክ አጽም ይሆናል።

የዚህ ጉዞ ወቅት ራሱ ድራማ አለበት። በሌላው ዓለም የሽርሽር ወራት የሚባሉት ሐምሌና ነሐሴ በጉና ግርጌ የዶፍና የጭጋግ ወራት ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የሚያወርደው ውኃ ርብንና ጉማራን ሞልቶ ወደ ጣና ይጎርፋል፤ የፎገራ ሜዳም ይጥለቀለቃል። የገበሬው የቀን አቆጣጠር ክረምትን የመቀመጫ ወቅት አድርጎ ይዞታል። እርሻው ያልቃል፤ አረሙ ይቀጥላል፤ ወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ እስከ መስከረም ይጠብቃል። የትምህርት ቤቱ የቀን አቆጣጠር ግን ተቃራኒውን ያዛል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ የተጓዘው በዝናብ ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሐምሌ ሲገባ እግሩ ይቁነጠነጣል። ያስተማረው ትውልድ ሄዷል፤ ደወሉም ከእንግዲህ ለእርሱ አይደወልም፤ የትምህርት ቤቱ ዘመን ግን በአካሉ ውስጥ ቀርቷል። ገበሬው ወንድም «በዚህ ዝናብ ምን አመጣችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጋጩት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ሁለት የኑሮ አቆጣጠሮች ናቸው። ጥሩ ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አንድ ትዕይንት ሊያወጣ ይችላል።

ከወቅቱ ቀጥሎ ማደሪያው ሊጤን ይገባዋል። የውጭ አገር ጎብኚ ድንኳን ተክሎ ማደርን የዕረፍት ምልክት አድርጎ ያየዋል። በደብረ ታቦር ግን ድንኳን ረጅምና ከባድ ታሪክ አለው። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእርሳቸውም በኋላ ራስ አሊ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በከተማዋና በአቅራቢያዋ ሰፍረውባታል። «ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ፣ «ሰፈር»ም «ሰፈረ» ከሚለው መውጣታቸውን ልብ ይሏል። ዛሬ የድንጋይና የቆርቆሮ ቤት የምናስብባቸው ሁለቱም ስሞች ከጦር ሠፈር የተወረሱ ናቸው። በጋውን በዘመቻ የዋለው ሠራዊት ወንዝ ሲሞላ የሚያርፍበት ደጋ ያስፈልገው ነበር፤ ደብረ ታቦርም የክረምት ማረፊያ የሆነችው ለዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ግማሽ ዓመት ያህል በፈጀው ጉዞ ከሠራዊቱ ጋር ሴቱም፣ ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም ነበረ። ስለ ቴዎድሮስ የተጻፉት ተውኔቶችና ልብ ወለዶች በርካታ ናቸው። መድፉን ከሚጎትተው ክንድ ኋላ ድንኳን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት የአዛውንቶቹ እጆች ግን ከእነዚህ ሥራዎች መካከል የአንዱም ዋና ጉዳይ ለመሆን አልታደሉም።

የድንኳኑ ታሪክ ግን ጦርነት ብቻ አይደለም። ድንኳን የሠርግና የለቅሶ ቤት ነው። በጥር 10 ቀን በከተራ ደግሞ ታቦታት ከመንበራቸው ወርደው በድንኳን ያድራሉ። በየመንደሩ ያሉ አዛውንትም ጋቢያቸውን ተከናንበው በሜዳው ላይ አብረው ያነጋሉ። ይህ ሌሊት በእነርሱ ዘንድ እንደ መከራ አይቆጠርም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሰማዩን ጣሪያ አድርገው ከጎረቤት ጋር የሚያድሩበት ደስታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያየው ቀለሙንና ዝማሬውን ነው። ለአንድ ደራሲ ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅመው ሌሊቱ ነው። ከእሳት ዳር የተቀመጡት ባልና ሚስት፣ አንደኛው ለሌላው ትከሻ ጋቢ ሲያስተካክል፣ ሃምሳ ዓመት ስላለፈው የከተራ ሌሊት ምን ይነጋገራሉ?

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውና ከተማዋ ስሟን የተጋራችው የደብረ ታቦር በዓልም ለዚህ ጉዳይ የቀረበ ምሥጢር አለው። ወንጌሉ እንደሚተርከው ጴጥሮስ በተራራው ላይ ክብሩን ባየ ጊዜ በዚያው ለመቅረት ፈልጎ ሦስት ዳስ እንዲሠራ ጠየቀ። ልመናው አልተፈጸመለትም፤ ከተራራው መውረድ ነበረበት። በየዓመቱ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ በየደጁ ሲዞሩ፣ የቆሎ ተማሪውም በዓሉን የራሱ አድርጎ ሲያከብር፣ በደጃፍ ተቀምጠው ሙልሙል የሚያድሉት አዛውንት ያንን የጴጥሮስ ምኞት ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጅ ቤት ለሁለት ሳምንት ገብቶ፣ የልጅ ልጅ በጉልበቱ ላይ ተኝቶ ሳለ «እዚሁ ዳስ ጥለን በቀረን» የማይል ሽማግሌ የለም። መውረድና መመለስ ግን የጉዞው ሕግ ነው። ጭብጡ በአካባቢው የበዓል ሥርዓት ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ሳለ ደራሲው ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልገውም።

«ጡረታ» የሚለው ቃልም ራሱን የቻለ ተውኔት ይዟል። ቃሉ «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጦር ማለት ደግሞ ልጅ ያረጁ ወላጆቹን መያዝ፣ መመገብ፣ ማኖር ነው። ኅብረተሰቡ ልጅን «ጧሪ ቀባሪ» ብሎ ሲመርቅ የሁለቱን ወገኖች ውል በሁለት ቃል ማሰሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲታወጅ ግን ቃሉ ከልጅ እጅ ወጥቶ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችም በዚሁ ሥርዓት ታቀፉ። አበሉ ይነስ ይብዛ የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ለሥነ ጽሑፍ የሚያሻው የቃሉ መሰደድ ያስከተለው የኑሮ ለውጥ ነው። የጥንቱ ተጧሪ ልጁ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ጡረተኛ አበሉን ተቀብሎ፣ ከዚያች ላይ ቀንሶ ለልጅ ልጁ ልብስ ገዝቶ፣ ቅቤና በሶ አስቋጥሮ፣ ራሱ ወደ ልጁ ይሄዳል። ጧሪው ማን፣ ተጧሪው ማን እንደሆነ በአውቶቡሱ መናኸሪያ ላይ ይምታታል። ልጅየው ለአባቱ የመሳፈሪያ ሊከፍል፣ አባትየው ደግሞ «ገንዘብ አለኝ» ብሎ እጁን ሊገፋ በሚደረገው የደቂቃ ትግል ውስጥ የአንድ ትውልድ ክብርና ኀፍረት ይታያል።

ጉዳዩ የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን ከዓለም የመድረክና የፊልም ሥራዎች ሁለቱን ጠቅሶ ማሳየት ይቻላል። የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» በመሠረቱ ጡረታ የወጣ አባት ታሪክ ነው። ንጉሡ መንግሥቱን ለሁለቱ ሴት ልጆቹ አካፍሎ፣ 100 ባላባቶች አስከትሎ፣ በየወሩ ተራ በተራ በልጆቹ ቤት ሊቀመጥ ይወስናል። ልጆቹ የአጃቢዎቹን ቁጥር እየቀነሱ፣ በመጨረሻም አንድስ ምን ያደርግልሃል እስከ ማለት ደርሰው ያዋርዱታል። ሽማግሌው በዶፍ ውስጥ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ማደሪያውም የድሃ ጎጆ ይሆናል። ለደብረ ታቦር አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የቤት ዘውድ የያዘ ሰው ሁሉ ሀብቱን ሳይሞት ስለማውረስ ያወጣና ያወርዳልና። ነገር ግን ሊር ብቻውን ነው፤ ሚስቱ በመድረኩ ላይ የለችም። ከጎኑ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ተቀምጣ ቢሆን ቁጣው ያንን መልክ ይይዝ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የጃፓኑ ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ ያቀረበው «የቶኪዮ ታሪክ» የተሰኘው ፊልም በባሕር ዳርቻ ከምትገኝ ትንሽ ከተማ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በበጋ ሙቀት ወደ ዋና ከተማ የሚሄዱ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። አንዱ ልጅ ሐኪም ነው፤ አንዷ የጸጉር ሥራ ቤት አላት። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ጊዜ የላቸውም። ወላጆቹን አታሚ ወደተባለች የፍል ውኃ ከተማ ይልኳቸዋል። በሆቴሉ ጫጫታ ምክንያት ሽማግሎቹ እንቅልፍ አጥተው ያድሩና ከታሰበው ቀን በፊት ይመለሳሉ። ከልብ የምታስተናግዳቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። እናትየው ወደ አገሯ በመመለስ ላይ ሳለች ታምማ፣ ቤቷ እንደገባች ትሞታለች። በፊልሙ ውስጥ ማንም አይጮህም፤ ማንም አይረግምም። ኦዙ ካሜራውን ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ አድርጎ፣ የሻንጣ መቋጠሩን፣ የማራገቢያ መወዝወዙን፣ የአንገት ማቀርቀሩን ብቻ ያሳያል። ኀዘኑ ከዚያ ይፈልቃል።

የአታሚ ፍል ውኃና የዋንዛዬ ፍል ውኃ ጎን ለጎን ሲታዩ የሁለቱን ኅብረተሰቦች ልዩነት ያስረዳሉ። በፊልሙ ፍል ውኃው ልጆች ወላጆቻቸውን ከቤታቸው በጨዋ ደንብ የሚያርቁበት ቦታ ሆኗል። በዋንዛዬ ግን ሽማግሌው ወደ ውኃው የሚሄደው ራሱ መርጦ ነው። በዚያም ከማያውቀው ከሌላ ወረዳ ሽማግሌ ጋር ስንቁን ቀላቅሎ ይበላል፤ ስለ ጉልበት ሕመም ጀምሮ ስለ ልጆች ጠባይ ይጨዋወታል፤ ሲለያዩም ዘመድ ሆነው ነው። ስለዚህ የኦዙን ሥራ በጭፍን መቅዳት ለአማርኛ ደራሲ አይበጅም። ከኦዙ መወሰድ ያለበት ዓይኑ ነው። ትንሹን ነገር አጥብቆ የማየት ትዕግሥት፣ ልጆቹንም ሳይኮንኑ የማሳየት ፍትሕ ከእርሱ ይገኛል። የታሪኩ አካል ግን ከአገር ቤት መወለድ አለበት።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ከሁለት ወጥመዶች ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አንደኛው የጎብኚ ዓይን ነው። ተራራው፣ ጭጋጉ፣ ነጭ ጋቢና ከዘራው፣ የቡሄው እሳት በሥዕላዊ ውበታቸው ስለሚማርኩ ደራሲው አዛውንቱን የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አድርጎ ሊያስቀራቸው ይችላል። በዚህ ዓይነት ሥራ ሽማግሌው ያምራል እንጂ አያስብም፤ አይሳሳትም፤ አይናደድም። ሁለተኛው ወጥመድ የእንባ ፈጣሪነት ነው። በመድረኮቻችን አረጋዊ ሰው ሲገባ ተመልካቹ መሐረብ እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ ጨካኝ ልጅ፣ ክፉ ምራት፣ በመጨረሻው ገቢር ላይ የአባት ሞት። ይህ ድርሰት የሚያስለቅስ ቢሆንም ማንንም አያስተምርም። ምክንያቱም ተመልካቹ ራሱን ከጨካኙ ልጅ ጋር አያመሳስልም፤ «እኔ እንዲህ አላደርግም» ብሎ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጊዜ ያጣውን ደግ ልጅ ያሳየው እንደሆነ ግን ራሱን ያያል።

ከእነዚህ ወጥመዶች የሚያድነው ዝርዝርን በትክክል መያዝ ነው። በዚህ ረገድ ቋንቋው ራሱ ባለጸጋ ነው። በደጋው ባህል ሚስት ባሏን «አንቱ» ስትል ያረጀች ብትሆንም፣ አብራው አርባ ዓመት ያስተማረች ብትሆንም፣ በሰው ፊት ይህን አትለቅም። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን በአነጋገራቸው ውስጥ ሌላ ዜማ ይገባል። አዲስ አበባ የተወለደው የልጅ ልጅ አያቱን «አንተ» ብሎ ሲጠራ እናቱ ትደነግጣለች፤ አያትየው ይስቃል፤ አያቲቱ ዝም ትላለች። ሦስቱ ምላሾች ሦስት ሰዎችን ይገልጻሉ፤ ረጅም ንግግርም አያስፈልግም። እንግዳ ሲገባ እግር ማጠብ ባለበት ቤት ያደገች ሴት በልጇ ቤት በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆማ ወዴት እንደምትቀመጥ ስታጣ፣ ያስቋጠረችው አገልግል በማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ ሲታጣለት፣ ቅቤውን ልጅየው «ለጤና አይሆንም» ብሎ ሲመልሰው፣ ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ሆኖ ሁሉም ይቆስላል። ከዚህ የተሻለ የተውኔት ግጭት ከየት ይመጣል? ኮሜዲውም ቢሆን ከዚሁ ይገኛል። የሁለት አዛውንት ጉዞ ሳቅ የሞላው ነው። ትኬቱን ማን እንደያዘው ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ጆሮው ከብዶት የሰማውን ሌላዋ ታርማለች፤ የተነገራቸውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀድመው መናኸሪያ ደርሰው ሹፌሩን «ዘገየህ» ይሉታል።

የጭብጡ ክብደት ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚታየው መንገዱ ሲዘጋ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ጎንደር ገብቶ ነፋስ መውጫን አልፎ ደብረ ታቦር ከተማ በከባድ መሣሪያ እስከ መመታት ደረሰች። የቡሄ ችቦ በሚበራበት፣ ሙልሙል በሚጋገርበት በዚያ ወር አዛውንቱ ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን ነፍስ ለማዳን ከቤታቸው ወጡ፤ ሌሎቹም መሸሽ አቅቷቸው በየቤታቸው ቀሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው የትጥቅ ግጭት መንገዶች ተደጋግመው ተዘግተዋል፤ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነትም ተቋርጦ ያውቃል። ስለ ጦርነት የሚጻፍ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው የወደቀውን ወታደርና የፈረሰውን ቤት ነው። ያልተደረገ ጥየቃ ግን በማንም አይቆጠርም። አያቱን ሳያይ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ሕፃን፣ ወንድሟ ሲታመም ማዶ ላይ ቀርታ በሰው አፍ የሰማች አሮጊት፣ «ይህ ክረምት ይለፍና» እየተባለ ከዓመት ዓመት የተሸጋገረ ስንቅ በምንም መዝገብ አይሰፍሩም። በዚህ ዕድሜ አንድ ክረምት ብዙ ነው። ወጣት የዘንድሮውን በከርሞ ይተካዋል፤ አዛውንት ከርሞን ሊያምን አይችልም።

የዚህ ሒስ ዋነኛ ነጥብም እዚህ ላይ ይገኛል። የአዛውንት ባልና ሚስት ጉዞ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ገበሬውን ወንድም ከአዲስ አበባው የልጅ ልጅ ጋር የሚያገናኘው ክር በእነርሱ እግር የሚሄድ ነው። ቅቤውን ሲያወርዱ፣ ልብሱን ሲያወጡ፣ የአንዱን ሰላምታ ለሌላው ሲያደርሱ፣ የተኳረፉትን ሲያስታርቁ፣ ያገባውን ሲመርቁ፣ ሞት ያገኘውን ሲያጽናኑ የኅብረተሰቡን አንድነት በየክረምቱ እንደገና ይሰፉታል። ሥነ ጽሑፋችን ይህን ሥራ ያላየው የሚሠሩት ሰዎች «ሥራ የፈቱ» ናቸው ተብለው ስለሚታሰቡ ነው። በልብ ወለዱ በምድጃ ዳር ተቀምጠው የምናገኛቸው እነዚያ ሽማግሎች በእውነቱ ከምድጃው ተነስተው ሄደዋል፤ ደራሲው አልተከተላቸውም እንጂ።

ስለዚህ ለወጣት ጸሐፌ ተውኔቶችና ልብ ወለድ ደራስያን የሚቀርበው ጥሪ ቀላል ነው። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በነፋስ መውጫ መናኸሪያዎች ማለዳ ቆሞ ማየት፤ በፍልሰታ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተቀለሱትን ጎጆዎች መጎብኘት፤ በዋንዛዬ የፍል ውኃውን ጨዋታ ማድመጥ። የአካባቢው መምህራንም ጡረታ የወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸውን የጉዞ ትረካ በተማሪዎቻቸው አማካይነት ቢያሰባስቡ፣ መንግሥቱ ለማ ለአባታቸው የሠሩትን ውለታ ለብዙ አባቶችና እናቶች መሥራት ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ ሁለት አዛውንት ይገባሉ። እርሱ ከዘራውን፣ እርሷ አገልግሏን ይዘዋል። የሚሄዱት የጠፋ ልጅ ለመፈለግም አይደለም፤ ለመሞትም አይደለም። ነሐሴ ስለገባና ልጆቻቸው ስለናፈቋቸው ብቻ ነው።